መሠረቱ ሳይያዝ ግቢ የገባን ተማሪ መርዳት፦ በጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሬሜዲያልና ፍሬሽ ተማሪዎችን የሚያግዙ ሲኒየሮች፣ ጀማሪ መምህራንና ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ሬሜዲያል ምንድን ነው? ከፍሬሽ በምን ይለያል?

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶ ሳያመጡ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው መቁረጫ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ የሚመደቡ ተማሪዎች የሚወስዱት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም. ተጀመረ። የ2014 ፈተና ውጤት ሲወጣ ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2017 ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። እንዲያም ሆኖ ከ10 ተፈታኝ 9ኙ ከግማሽ በታች ነው።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ። ከመቶው 30ውን ዩኒቨርሲቲው በራሱ ምዘና ይሰጣል፣ 70ው በማዕከል ከሚዘጋጀው ፈተና ይመጣል። 50 ያመጣ ወደ ፍሬሽ ያልፋል። ፍሬሽ ማለት ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሒሳብና ሌሎች የጋራ ትምህርቶች የሚሰጡበት የመጀመሪያው ዓመት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሬሜዲያልን በ52 ያለፈ ልጅ ክፍተቱ ተዘጋ ማለት አይደለም። ያው ክፍተት አብሮት ፍሬሽ ይገባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለሁለቱም ይሠራል።

12 ዓመት የተማረ ልጅ ክፍልፋይ መደመር እንዴት ያቅተዋል? ሰነፍ ስለሆነ አይደለም?

አይደለም። ያለፈበትን መንገድ ይቁጠሩት። በ2017 12ኛ ክፍል የተፈተነው ልጅ፣ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 7ኛ ክፍል ነበር። ክፍሎች ዳግም የተከፈቱት በ2013 ነው። ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ ቁጥርና ፐርሰንት ሥር የሚይዙት በዚያ ዕድሜ ነው። ከተከፈተ በኋላ ያመለጠውን በሚገባ ተመልሶ የተማረው ጥቂት ነው፤ ብዙው ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ።

በዚያ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። በጅማ ዙሪያ በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በቋንቋው ተምሮ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። አዲስ ሐሳብንና አዲስ ቋንቋን እኩል መሸከም ከባድ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ልጆች የሚያገኙት መውጫ ሽምደዳ ነው፤ ሳይገባቸው ቃል በቃል ይይዙታል። ሽምደዳ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። ገጽ ሙሉ የሸመደደን ልጅ ሰነፍ ማለት በደል ነው።

ልረዳው እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከማስተማር በፊት ከማየት ይጀምሩ። ማርክ የማይያዝበት የ40 ደቂቃ ሥራ በአንድ ወረቀት ያዘጋጁ። ግማሹ 10 አጫጭር የሒሳብ ጥያቄዎች ይሁኑ፣ ካልኩሌተር ሳይያዝ የሚሠሩ፦ 1/2 + 1/3፣ 0.2 × 0.3፣ −5 − (−3)፣ የ350 12 በመቶ፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ስንት ሜትር በሰከንድ ነው፣ የመሳሰሉት። ሌላው ግማሽ ደግሞ ከራሱ ሞጁል የተወሰደ አንድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ይሁን። ያንብበውና ምን እንደሚል በአራት በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ መጀመሪያ በሚቀናው ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ።

ከዚያ ስንት እንዳገኘ አይቁጠሩ፤ ስሕተቱን ያንብቡ። 1/2 + 1/3 ብለው ሲጠይቁት 2/5 ያለ ልጅ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ነው። የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉ የተሳሳተ ነው እንጂ ዝም ብሎ አልገመተም። 0.2 × 0.3ን 0.6 ያለውም እንደዚሁ። አንቀጹን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ አስተካክሎ የተናገረ፣ በእንግሊዝኛ መጻፍ ግን ያቃተው ልጅ የማንበብ ችግር የለበትም፤ መጻፍ ነው የቸገረው። በሁለቱም ቋንቋ ያልቻለ ደግሞ አንቀጹ ራሱ አልገባውም። ለሁለቱ አንድ ዓይነት እርዳታ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው።

ጎኑ ይቀመጡና «እንዴት አድርገህ ነው ያገኘኸው?» ይበሉት። ትክክል ለመለሰውም ይህንኑ ይጠይቁት። ስሕተት ሲሠራ ብቻ የሚጠየቅ ልጅ፣ ጥያቄ በመጣ ቁጥር የተሳሳተ ይመስለዋል።

የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፍን ከመጀመሪያው ላስተምረው?

ይህን አያድርጉ። ያልገባውን ትምህርት በዚያው መንገድ፣ በባሰ ፍጥነት መድገም ይሆናል። በሒሳብና በፊዚክስ ተማሪን የሚጥሉት ነገሮች ሲለቀሙ ጥቂት ናቸው፦ ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ ምልክት፣ ነጥብ ያለው ቁጥር፣ ፐርሰንትና ሬሾ፣ የመለኪያ ልወጣ፣ ያልታወቀውን ለብቻ ማውጣት፣ ግራፍ ማንበብ። አብዛኞቹ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። የፊዚክስ ቀመሩን በቃሉ የያዘ ልጅ መልሱን የሚስተው ብዙ ጊዜ ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሰከንድ ሳይለውጥ ስለገባበት ነው። 72ን ለ3.6 ማካፈል፣ 20 ማግኘት፤ ለምን 3.6 እንደሆነም ራሱ ከ1,000 ሜትርና ከ3,600 ሰከንድ እንዲያወጣው ማድረግ። ይህ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ግን ያገለግለዋል።

ከሚያውቀው ነገር መነሳት በጣም ይጠቅማል። ከአጋሮ፣ ከጎማ፣ ከሊሙ የመጣ የቡና ገበሬ ልጅ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ኪሎው 300 ብር ቢሆን ፈረሱላው 5,100 መሆኑን በቃሉ ይነግርዎታል። ያው ልጅ «የ17 12 በመቶ ስንት ነው» ሲባል ይደነግጣል። እንግዲያው «አንድ ፈረሱላ ሲደርቅ ከመቶው 12 ቢቀንስ ስንት ኪሎ ይጎድላል?» ብለው ይጠይቁት። ሁለት ኪሎ ገደማ ይልዎታል። ከዚያ ያሰበውን ወረቀት ላይ ያውርደው፦ 17 × 12 ÷ 100 = 2.04። ፐርሰንትን ያወቀው ያን ዕለት አይደለም፤ ያን ዕለት የሆነው በገበያ የሚያስበውና በወረቀት የሚጽፈው አንድ መሆናቸው ነው።

ወደኋላ የያዘው እንግሊዝኛው ነው። ግራመር ላስተምረው?

ግራመር ብቻውን አያሻግረውም። የሚጎድለው የራሱን ሞጁል ማንበብ ነው፤ ስለዚህ ማስተማሪያው ራሱ ሞጁሉ ይሁን። ምዕራፉን ከማንበቡ በፊት ርዕሶቹን፣ ሥዕሎቹንና መጨረሻ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይይ። ምን እንደሚፈልግ ያወቀ አንባቢ ያገኛል። ከዚያ አንድ አንቀጽ ብቻ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይክደን፣ ዳር ላይ «ይህ የሚለው…» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። መጻፍ ካቃተው አንቀጹ አልገባውም ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው አይለፍ።

ቃላትን በተመለከተ በገጽ ከአምስት በላይ እንዳይመዘግብ ይከልክሉት። 30 ቃል የሚመዘግብ ልጅ 30ውንም አያነብም። ቅድሚያ የሚገባቸው የትምህርቱ ስያሜዎች አይደሉም፤ እነሱን መምህሩ ያብራራል። የሚጥሉት ማንም የማያብራራቸው ናቸው፦ «ሀውኤቨር»፣ «ዌርአዝ»፣ «ዲስፓይት»፣ «አንለስ»። «ኖት»፣ «ኤክሴፕት» እና «ሊስት» (ከሁሉ ያነሰ) የሚሉትን የምርጫ ጥያቄ ቃላት እንዲያሰምርባቸውም ያስለምዱት። ትምህርቱን አውቆ በእነዚህ የሚወድቅ ብዙ ነው። የጽሑፍ ፈተና ላይ ደግሞ «ዲፋይን» ሲል ምንነቱን፣ «ኮምፔር» ሲል የሁለቱን አንድነትና ልዩነት፣ «ጀስቲፋይ» ሲል ምክንያቱን እንደሚጠይቅ በምሳሌ ያሳዩት።

በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ባስረዳው እንግሊዝኛውን አላበላሽበትም?

አያበላሽም። ሐሳቡ በሚቀናው ቋንቋ ይግባው፣ ቀጥሎ ያንኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ይናገረው፣ መጨረሻ ላይ ይጻፈው። ብዙ አስረጂዎች የመጀመሪያውን አድርገው ሁለቱን ይተዋሉ፤ ተማሪው «ገባኝ» ብሎ ይሄድና ፈተናው ላይ እጁ ይታሰራል። ግቢ ውስጥ ከከፋም፣ ከዳውሮም፣ ከወላይታም፣ ከሶማሌም የመጣ ልጅ አለ። ቋንቋውን እርስዎ ባይችሉት የሚችል ጓደኛ ይፈልጉለት፤ ሁለቱ ለ10 ደቂቃ ቢነጋገሩበት ይበቃል።

ሌሊቱን ሙሉ ያነባል፤ ፈተና ላይ ግን ባዶ ይሆናል። ለምን?

የሚያደርገው ማንበብ ስለሆነ ነው፤ ራሱን አይጠይቅም። ሾርት ኖቱን አራት ጊዜ ሲደጋግመው ዓይኑ ገጹን ይለምደዋል፣ ያወቀው ይመስለዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ሞከሩት። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ዙር አነበበ። ሌላው አንድ ዙር ብቻ አንብቦ፣ ሳያይ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ፈተና የሚመጣው ከሳምንት በኋላ እንጂ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

በተግባር እንዲህ ነው። ከሌክቸር ሲመለስ ደብተሩን ሳይገልጥ የተማረውን በባዶ ወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ ገልጦ የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሙላ። ያንኑ ርዕስ በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና በባዶ ወረቀት ይሞክር። በሒሳብ ደግሞ የተሠራን ምሳሌ ማየት ልምምድ አይደለም፤ ምሳሌውን ሸፍኖ መሥራት ነው። መጀመሪያ ላይ ይመራል፣ ተማሪውም «በዚህ መንገድ ያነሰ ነው የማውቀው» ይላል። ያነሰ አላወቀም፤ የማያውቀውን አሁን አየ።

«ጫት ሳልቅም አይገባኝም» ይላል። ምን ልበለው?

ጅማ ላይ ይህን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም። ስብከት አያስፈልግም፤ ልጁ የሚያውቀውን ይጠይቁት፦ መርቅነህ ያነበብከውን በማግሥቱ ያለ ደብተር ተናገር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ እንቅልፍና ድካም ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ምርቃናው ሳለ ሁሉም የገባ ይመስላል። እንቅልፍ ግን አብሮ ይሄዳል፣ ትምህርት አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። ጠዋት ላይ ዱካኩ፣ ከሰዓት ሐራራው ይመጣና የሌክቸሩ ሰዓት ይበላል።

ከምክር ይልቅ ሰዓት መቀየር ይሠራል። የከበደውን ትምህርት ከቁርስ በፊት ወይም ክፍል በሌለበት ጠዋት ያድርገው፤ ለ25 ደቂቃ ይሥራ፣ 5 ደቂቃ ይረፍ፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይተኛ። ለዓመታት የቃመ ልጅ በአንድ ቀን ያቆማል ብለው አይጠብቁ። መጀመሪያ ማንበብና መቃም ይለያዩ። በግቢው ያለው የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ለዚህም ነው፤ መተው ፈልጎ ያቃተውን አብረውት ይሂዱ።

የቡድን ጥናት ይጠቅማል ወይስ ወሬ ነው?

እንደ አሠራሩ ነው። ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ መምህር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ አብሯቸው ዋለ። ስንፍና አላገኘም። በርትተው ያጠናሉ፣ ግን ለየብቻቸው። ጥሩ ውጤት የነበራቸው የቻይና ተወላጆች መጀመሪያ ለብቻቸው ሠርተው፣ ከዚያ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ያርም ነበር። ትራይስማን በቡድን የሚሠራበት ሰዓት አደራጀ። የሰጣቸው ጥያቄ የቀለለ አልነበረም፤ ከክፍሉ የከበደ ነበር። ውጤታቸው በእጅጉ ተሻሻለ።

አራት ወይም አምስት ሆኖ መቀመጥ ይበቃል። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ለብቻው ይሥራ፤ ይህች ከሌለች ቡድኑ አንድ ጎበዝ የሚያስተምርበት፣ ሌላው የሚገለብጥበት ይሆናል። ቀጥሎ በጣም የከበደው ልጅ ቀድሞ ያስረዳ፣ ጎበዙ መጨረሻ ይናገር። ቀኑና ሰዓቱ አይለዋወጥ። የጅማ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን ሲመታ መደማመጥ አይቻልም፤ ጠዋት መሰብሰብ ወይም ክፍል አስቀድሞ ማስፈቀድ ይሻላል።

አሳይንመንቱን ብሠራለት ምን አለበት? ጊዜ የለውም።

አይሥሩለት። አንድ ተመሳሳይ ጥያቄ ጎኑ ሆነው ይሥሩና የራሱን እሱ ይሥራ። እስክሪብቶው በእሱ እጅ ይሁን።

ቴሌግራም ላይ ስንት ፒዲኤፍና ቪዲዮ አለ፤ ቻትጂፒቲም አለ። ይህ አይበቃውም?

ፒዲኤፍ መሰብሰብ ጥናት ይመስላል። ስልኩ ላይ 200 ፋይል ያለው ልጅ አንዱንም ያልገለጠ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ሞጁልና አንድ የጥያቄ ስብስብ ይምረጡለትና ሌላውን ያጥፋው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥፎ አስረጂ አይደለም፤ የሚበላሸው መልስ ሲጠየቅ ነው። ተማሪዋ መጀመሪያ ራሷ ትሥራ፣ ከዚያ «ሥራዬ ይኸውና፣ የተሳሳትኩበትን ደረጃ ብቻ ንገረኝ፣ መልሱን አትስጠኝ» ትበል። ስሌት ላይ እንደሚሳሳት፣ የሌለ ነገርም በልበ ሙሉነት እንደሚጽፍ ታውቅ። ፈተና ክፍል ስልክ እንደማይገባም አይርሱት።

ክፍል ውስጥ ያፍራል፤ ቲቶሪያልም አይመጣም። እንዴት ላምጣው?

«ደካማ ተማሪዎች» ተብሎ በተለጠፈ ዝርዝር የሚመጣ የለም። እኔም ብሆን አልመጣም። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ካንሳስ ሲቲ የተጀመረ አሠራር ይህን ችግር በጥሩ ሁኔታ ፈታው፦ ደካማ ተማሪ መፈለግ ትተው ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ትምህርት ለዩ። ያንን ትምህርት ቀደም ብሎ በጥሩ ውጤት ያለፈ ሲኒየር ከክፍሉ ጋር ሌክቸሩ ላይ ይቀመጣል፣ በሳምንት ውስጥ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የጥናት ሰዓት ይመራል። ጎበዙም ይመጣል፣ የደከመውም ይመጣል፣ ማን ለምን እንደመጣ አይታወቅም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ለሚማር የኢንጂነሪንግ ፍሬሽም፣ ዋናው ግቢ ላለውም ይህ ይሠራል። የሚያስፈልገው ነፃ ክፍል፣ ጠመኔና ፈቃደኛ ሲኒየር ነው።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ ሰዓቱን ያስቡበት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከዶርም ርቆ የሚደረግ ጥናት «ለሁሉም ክፍት» ቢባልም ለሁሉም ክፍት አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ክፍልፋይ የሚያስተምርበት ቦታ ነው? ይህ ደረጃ ማውረድ አይሆንም?

ይህን የሚጠይቁ መምህራን ለሙያቸው የሚቆረቆሩ ናቸው፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ደረጃ የሚወርደው ፈተናው ሲቀል ነው፤ መሰላል መጨመር ፈተናውን አያቀልም። የተዘለለ መሠረት ላይ ዝም ብሎ መቀጠል ግን ችግሩን ወደ መውጫ ፈተና ይገፋዋል። እሱም ከ2015 ጀምሮ 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪ አያሰጥም።

የሚያከራክረው እርዳታው የት ይቀመጥ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ተማሪውን ለብቻ አውጥቶ ያለፈውን ብቻ ማስተማር ደካማው መንገድ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉ ኮሌጆች ተሞክሮ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የሒሳብ ዝግጅታቸው ያነሰ ተማሪዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ወገን የማሟያ አልጀብራ ብቻ ወሰደ፣ ሌላው በቀጥታ የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ገብቶ በየሳምንቱ የማገዣ ሰዓት ተጨመረለት። አልጀብራውን ያለፉት 39 በመቶ ገደማ፣ ስታቲስቲክሱን ያለፉት 56 በመቶ ገደማ ሆኑ። ይበልጥ የከበደውን የወሰዱት የበለጠ አለፉ፤ እንደ እኔ አንዱ ምክንያት እርዳታው ከዋናው ትምህርት ጎን መሆኑ ነው፣ ክፍልፋዩን የሚማሩት ለሚቀጥለው ቀን ጥያቄ ሲፈልጉት ነው።

ሬሜዲያሉ በአገር ደረጃ የተወሰነ ነው፤ አንድ መምህር አይቀይረውም። ፍሬሽ ላይ ግን በእጁ ያለ ነገር አለ፦ ከሌክቸሩ በፊት 10 ደቂቃ «ዛሬ የሚያስፈልገን የ8ኛ ክፍል ነገር ይህ ነው» ብሎ ሁለት ጥያቄ ማሠራት፤ በየሳምንቱ አጭር ኩዊዝ ሰጥቶ በሦስት ቀን ውስጥ አርሞ መመለስ። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ከታረመ በኋላ ብቻ መውደቁን የሚያውቅ ተማሪ ለማስተካከል ጊዜ የለውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባያልፍስ?

የማያልፉ ይኖራሉ፤ ለቤተሰብም ለልጁም ይህን አስቀድሞ በግልጽ መናገር ይገባል። ሬሜዲያል ያላለፈ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በግል ተፈታኝነት ዳግም መውሰድ ይችላል፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መግባትም ይችላል። ፍሬሽ ላይ ዋርኒንግ (የዝቅተኛ ውጤት ማስጠንቀቂያ) የመጣበት ደግሞ በሚቀጥለው ሴሚስተር ምን ያህል ነጥብ እንደሚያስፈልገው በዚያው ሳምንት ከሬጅስትራር ይጠይቅ። ለመመረቅ አጠቃላይ ነጥቡ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር የወረደው በሌሎቹ ስንት ሊካካስ እንደሚችል ተቀምጦ ማስላት ተስፋውን በቁጥር ያሳየዋል፣ ወይም የትምህርት ክፍል ምርጫውን በጊዜ እንዲያስተካክል ይረዳዋል።

ወደ ቤቱ የሚመለስ ከሆነ ያ የመጀመሪያው ወረቀት፣ ስሕተቶቹ የተለቀሙበት፣ አብሮት ይሂድ። ቀጥሎ የሚረዳው ሰው፣ የሰፈሩ መምህርም ሆነ ታላቅ እኅቱ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።